የራዲያተር ጎማ ሲፈነዳ ክዳኑን አትክፈቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ የልጄ ባል አሮጌ መኪና የዓባይ በረሃን ዳገት አልችል አለች። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ወዲያው ከፊት አንድ ነገር ፈነዳና መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ከኋላ ከእኔ ጋር ሁለት የልጅ ልጆቼ ነበሩ።

አማቼ ዳር ይዞ አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን በሹራብ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞር ሲል ደረስኩበት።

«ተው ልጄ፣ እጅህን አንሳ!»

«እማማ፣ እርስዎ ከልጆቹ ጋር ይሁኑ። ውሃ ካልጨመርንባት ሞተሩ ይቃጠላል።»

«ይቃጠል» አልኩት።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ክዳን ከፍተው ፊታቸውና ደረታቸው ተልጦ የመጡ ሰዎችን አክሜያለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላላ በቅጽበት ፈልቶ ከፋቹ ፊት ላይ ይተፋል። ጎማው ስለፈነዳ ግፊቱ ሁሉ ወጥቷል ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ትኩስ ውሃ አለ።

ልጆቹን ከመንገዱ ራቅ አድርጌ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ጎማው በባዶ እጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ነው ክዳኑ የተነካው። አጠገባችን የቆመ የጭነት መኪና ረዳት ካቻቢቴ ይዞ መጣና አየው። የተቀደደው ጫፉ ላይ ስለነበር ያንን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መልሶ አሰረው። ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ከተደፋ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። በዝግታ፣ እየቆምን እያየን ደብረ ማርቆስ ገባን።

በማግስቱ አማቼ በልኩና በቅርጹ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ጎማ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ቀየረው። ሥራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሥር ሳፋ አድርጎ ውሃውን አወጣ፤ ማሰሪያዎቹን አላልቶ፣ አልላቀቅ ያለውን ጎማ በቢላ በቁመቱ ሰነጠቀው። በካቻቢቴ መፈንቀል የራዲያተሩን አንገት ይሰብራል። የአንገቱን ዝገት ጠረገ፤ ማሰሪያዎቹን አስቀድሞ በአዲሱ ጎማ ላይ አጥልቆ ጎማውን እስከ መጨረሻው ገፋና አጠበቀ። ከሞላው በኋላ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነስቶ አየሩ ሲወጣ የጎደለውን ጨመረ።

አሮጌውን ጎማ ስጨምቀው እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ነበር። ለመንገድ ዳቦውንና ዶሮውን ስንሰናዳ ሁለት ቀን ፈጅተናል፤ ጎማውን ግን ማንም አልነካውም! ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲጨመቅ ከመጠን በላይ የለሰለሰ፣ ደርቆ የሚንቋቋ ወይም ጫፉ ላይ ያበጠ ከሆነ ከመንገድ በፊት ይቀየር።

ሰው ከተቃጠለ ቶሎ ልብሱንና ቀለበቱን አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ። በረዶ አይሁን። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል የተቀባ ቁስል ስንት ጊዜ አጥቤያለሁ፤ ለታማሚው ሁለተኛ ሥቃይ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት፤ ፊት፣ ዓይን፣ እጅ ወይም ሕፃን ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው።

አማቼ የተረፈውን ኩላንት በለስላሳ ጠርሙስ ሊያስቀምጥ ሲል ዳግመኛ ተጣላን። ኩላንት ጣፋጭ ነው፤ ቀለሙም ልጅ ይስባል፤ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው። በራሱ ዕቃ መልሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን እኔ ያዝኩ።