ብርሃን ወይስ ቅባት? ስለ ቆዳ ሕክምና የሚባለውና እውነታው

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ጋቢ ያስደርባል፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ከዳባት እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ቆዳው ላይ ምልክት የወጣበት ሰው «ፀሐይ ሙቅበት» መባሉ የቆየ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ስልክ ያመጣው ሌላ ምክር ተጨምሯል፦ «ቅባቱን ተወው፣ ዘመኑ የሌዘር ነው»። ሁለቱም ምክሮች አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፦ በሽታው ምንድን ነው?

ተረት 1፦ «የብርሃን ሕክምና ማለት ፀሐይ መሞቅ ነው»

እውነታ፦ ብርሃን ቆዳን እንደሚያክም ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በተጠናከረ ብርሃን በማከሙ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ ለለምጽና ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ በብዛት የሚያገለግለው መብራት ከአልትራቫዮሌት ጨረር ውስጥ 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ የሚያወጣ ነው። ሕክምናው በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቆዳው እንዴት እንደተቀበለው እየታየ ይጨመራል። ዓይንም በመነጽር ይሸፈናል።

ፀሐይ እንዲህ ተለክታ አትመጣም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የደጋው ብርድም ጨረሩን አይቀንሰውም። ለምጽ የወጣበት ቆዳ ጋሻው የሆነውን ሜላኒን ስላጣ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ዋና መንስኤ ናት። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልጓቸዋል።

ተረት 2፦ «ቅጠል ጨምቆ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ቢያንስ አይጎዳም»

እውነታ፦ ከጓሮ የማይጠፋውን ጤና አዳም እንውሰድ። ጭማቂው ሶራለን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይለይ ይችላል፤ ቆዳው ውኃ ይቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል።

ይኸው ኃይል ሲመጠን መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ግብፃዊው ሐኪም ኤል ሞፍቲ በአባይ ሸለቆ ከሚበቅል ተክል የወጣ ሶራለንን ከብርሃን ጋር ለለምጽ ተጠቅመውበታል። በሕክምናው ግን መድኃኒቱም ጨረሩም ይለካል፤ ጓሮ ውስጥ ሁለቱም አይለኩም።

ተረት 3፦ «ነጣ ያለ ምልክት ሁሉ ለምጽ ነው፤ ለምጽም ይጋባል»

እውነታ፦ ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። ቋቁቻ ግን ፈንገስ ነው፤ በሚቀባ መድኃኒት ይድናል። ከሁሉ መለየት ያለበት ሥጋ ደዌ ነው። ለመለየት የሚጀመረው በቁራጭ ጥጥ ነው፦ ሐኪሙ ታካሚውን ዓይን ያስጨፍንና ምልክቱን በጥጡ ጫፍ ነካ አድርጎ «የነካሁትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» ይላል። ለምጽ ያለበት ሰው በትክክል ያሳያል። ደብዘዝ ያለው ምልክት ከደነዘዘ ግን ሥጋ ደዌ ይጠረጠራል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ የሚሰጥ ክኒን ሲሆን እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወራት ይወሰዳል። ይህን ሰው ፀሐይ ሙቅ ማለት ነርቩ እስኪሞት መጠበቅ ነው።

ተረት 4፦ «ብርሃን ከቅባት ይበልጣል»

እውነታ፦ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ከሦስቱ አንዱ እከክ ተገኝቶበት ነበር። እከክን የትኛውም መብራት አያድነውም። ፐርሜትሪን የተባለው ቅባት ማታ ከአንገት እስከ እግር ጣት ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልተቀባና ልብሱ በፈላ ውኃ ካልታጠበ እከኩ ሊመለስ ይችላል። ጭርትም የፈንገስ ቅባት ነው የሚፈልገው። በገደላማ አካባቢ ከሽኮኮ ወደ ሰው በትንሽ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር ደግሞ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነው። እንደ ቁስሉ ሁኔታ በመርፌ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በማቀዝቀዝ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል።

ብርሃን በእርግጥ በሚጠቅምበት በለምጽ እንኳ ቅባትና ብርሃን አብረው ሲሰጡ ብርሃን ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ይገኛል። ፊት ቶሎ መልስ ይሰጣል፤ የእጅና የእግር ጣት ጫፍ ብዙም አይመለስም። መንገዱም ይታሰብ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መሣሪያው ጎንደር ቢገኝ እንኳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ6 ወር መመላለስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤት የሚቀባ መድኃኒት ለደባርቅ ገበሬ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና አይደለም፤ ሳያቋርጥ ሊጨርሰው የሚችለው እሱን ነው።

ተረት 5፦ «ሌዘር ማድያትን አጥቦ ያወጣል»

እውነታ፦ ብዙዎቹ ሌዘሮች የሚያነጣጥሩት ሜላኒንን ነው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ሜላኒን የሞላበት ስለሆነ ጨረሩ የታለመውን ትቶ ጤነኛውን ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ለጥቁር ቆዳ እንደ 1,064 ናኖሜትር ያሉ ረጅም ሞገዶች ይሻላሉ፤ ማድያት ግን ከሌዘር በኋላ ጠቁሮ ሊመለስ ይችላል። የሚጀመረው በፀሐይ መከላከያና ሐኪም ባዘዘው ቅባት ነው። ገበያ ላይ «ያነጣል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ደግሞ ቅባት ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ ጠንካራ ስቴሮይድ ካለበት ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርም ያወጣል።

እንግዲህ ለመብራትም ለቅባትም ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ደባርቅ ሆስፒታል ሄዶ ምልክቱን ማስመርመር ይቀድማል። ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ የበሽታው ስም ምንድን ነው? ቤት ሆኜ የምጨርሰው መድኃኒት አለው ወይ? ብርሃን ካስፈለገ ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይመልስ «ና በሌዘር ላጥፋልህ» የሚል ካለ፣ ብሩን ኪስ ውስጥ አስቀርቶ መውጣት ነው።