«ቦታ ተገኝቷል፤ እስከ ዓርብ ክፈሉ»፦ ከኩዌት ሆኖ የልጅን ትምህርት ቤት መምረጥ

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ከአገር ቤት የሚላክልሽ መልእክት ይለወጣል። የሰላምታው ነገር ያጥርና «የልጁ ምዝገባ ደርሷል» ይቀድማል። አንዱ የግል ትምህርት ቤት ተቀብሎታል፤ እስከ ዓርብ ካልተከፈለ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለት ሁለተኛው ትምህርት ቤት ስሙን ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ጽፎ «ጠብቁ» ብሏል። ሦስተኛው በቅርብ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እናትሽ «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ትላለች። እህትሽ ደግሞ «ጥሩው ጋ ካልተማረ ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ?» ትላለች። አንቺም ሳልዋ ወይም ጃብሪያ ካለው ወጥ ቤት ቆመሽ፣ ግቢውን ሳታዪ፣ መምህሩን ሳታነጋግሪ፣ በስልክ ትወስኛለሽ።

በ20 ቁጥር ኢቃማ የሚሠራ ሰው ቤተሰቡን ወደ ኩዌት ማምጣት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ልጁ እዚያ፣ ከፋዩ እዚህ ሆኖ ይቀጥላል። ነገሩ የሾፌሩም፣ የአትክልተኛውም፣ የአባትም ጭንቀት ነው። ይህን የጻፍኩት በትርጉም ሥራዬ ከብዙ እናቶች ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ስለተነጋገርኩ ነው። ከዓርብ በፊት ማወቅ የሚገባሽን በአጭሩ ላስቀምጥልሽ።

ማዳምሽ ምን እንደምታደርግ አስታውሺ

አንቺ የትምህርት ቤት ምርጫን ከቅርብ አይተሻል። ኩዌት ውስጥ አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለማይገቡ፣ ሐወሊና ሳልሚያ በግል ትምህርት ቤቶች የተሞሉ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚፈልጉ ኩዌታውያንም ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዲናር ይከፍላሉ። ማዳምሽ ግን በአንድ መልእክት ተደናግጣ አትከፍልም። ሁለት ሦስት ቦታ ታመለክታለች፣ ልጆቻቸው እዚያ የሚማሩትን እህቶቿን ትጠይቃለች፣ ደረሰኝ ትይዛለች።

በዓረብኛው ወረቀት ላይ ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉ። «ቀቡል መብደኢ» ማለት የመጀመሪያ ደረጃ ተቀባይነት ነው፤ ፈተና ወይም ሰነድ ይቀራል። «ቀቡል ኒሃኢ» የመጨረሻው ተቀባይነት ነው። «ቃኢመት አል-ኢንቲዛር» ደግሞ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ነው። በስልክ የሚመጣልሽ አማርኛ ግን ሦስቱንም «ተቀብለውታል» በሚል አንድ ቃል ሊጠቀልላቸው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦

• ምዝገባው አልቋል ወይስ ፈተና፣ የልደት ሰርተፍኬት ወይም ከቀድሞው ትምህርት ቤት መልቀቂያ ይቀራል?

• ተጠባባቂ ከሆነ ስንተኛ ነው? አምና ከተጠባባቂዎቹ ስንት ልጅ ገባ?

• አሁን የምንከፍለው ገንዘብ ልጁ ባይገባ ይመለሳል? የሚመለስ ከሆነ በጽሑፍ ይሰጡናል?

ሁሉም ተጠባባቂ መዝገብ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍና ልደታ ካቴድራል ያሉ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ፈላጊያቸው ከቦታቸው እጅግ ይበልጣል። አንዴ የገባ ልጅ በቀላሉ ስለማይወጣ መዝገቡም ብዙ አይንቀሳቀስም። በቅርብ በተከፈተ የሰፈር ትምህርት ቤት ግን ወላጆች ሁለት ቦታ አስመዝግበው መስከረም ላይ አንዱን ስለሚተዉ ቦታ ሊለቀቅ ይችላል። ለመጀመሪያው ዓይነት ወረፋ ብለሽ በእጅሽ ያለውን ቦታ አትልቀቂ። «በሰው አስገባዋለሁ፣ ገንዘቡን በእኔ ስም ላኪ» ለሚልሽ ደግሞ አንዲት ብር አትላኪ። ክፍያ በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ደረሰኙም ፎቶ ተነሥቶ ይላክልሻል።

ሒሳቡን በዓመት እንጂ በወር አትሥሪ

ከቤት የሚነገርሽ ብዙውን ጊዜ ወርሃዊ ክፍያው ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ወርሃዊ ክፍያው 4,000 ብር፣ ሰርቪሱ 1,800 ብር ነው እንበል። ለአሥር ወር 58,000 ብር ይሆናል። መመዝገቢያ 1,000፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍና ደብተር 8,000 ሲጨመሩ 67,000 ብር ይደርሳል። አንድ ዲናር በ450 ብር ቢመነዘር 149 ዲናር ገደማ ነው። በሕግ ዝቅተኛው ደመወዝሽ 60 ዲናር ነው፤ እሱን ብቻ የምታገኚ ከሆነ የሁለት ወር ተኩል ደመወዝሽ ለአንድ ልጅ ሄደ ማለት ነው። የአንቺን ትክክለኛ ቁጥር አስገብተሽ ይህንኑ ሥሪ።

ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት አስቢ። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምትልኪው ዲናር በብር በዛ፤ ነገር ግን ኑሮውም የትምህርት ቤት ክፍያውም አብሮ ወጣ። በምሳሌያችን ክፍያው በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር 67,000 የነበረው በሦስተኛው ዓመት 96,000 ብር ያልፋል። በአዲስ አበባ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት ከወላጆች ጋር እንዲወያዩ ይጠይቃል። በዚያ ስብሰባ የአንቺ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ወኪልሽን ላኪ፤ የተስማሙበትንም ጠይቂ።

ኮንትራትሽ ሁለት ዓመት ነው፤ ልጁ ግን እስከ 12ኛ ክፍል ይማራል። ስለዚህ «ዘንድሮ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። «ሦስት ወር ደመወዝ ባላገኝ ልጁ እዚያው መቆየት ይችላል ወይ?» ብለሽም ጠይቂ። በሥራዬ ያገኘኋት አንዲት የወሎ እናት የመጀመሪያውን ዓመት በደንብ ከፈለች። በሁለተኛው ዓመት ክፍያው ጨመረ፤ እሷም አሠሪ ስትቀይር ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጠች። ልጇ በጥር ከትምህርት ቤቱ ወጣ፤ ውዝፉ እስኪከፈል መልቀቂያው ስላልተሰጠው ሌላ ቦታ ለመግባትም ተቸገረ። ልጁን የጎዳው ውድ ትምህርት ቤት መግባቱ ሳይሆን ከመሀል መቋረጡ ነው። አንድ ተርም የሚያስከፍል ተቀማጭ ሳይኖርሽ ከአቅምሽ ጫፍ ላይ ያለውን ትምህርት ቤት አትምረጪ።

ውድ ማለት ጥሩ ማለት ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለግሉም ለመንግሥቱም አንድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ሁሉንም ተማሪዎቻቸውን ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል በመንግሥት የሚተዳደሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ስለዚህ የግል ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አይባልም፤ የመንግሥት ስለሆነ ብቻ መጥፎ ነውም አይባልም።

ከማስታወቂያው ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ በኢንስፔክሽን ስንተኛ ደረጃ አገኘ? ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ 1 እና 2 ከመስፈርቱ በታች፣ 3 መስፈርቱን ያሟላ፣ 4 ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ በፈተና ምን አመጡ? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥና መምህራኑ በየዓመቱ ይቀያየሩ እንደሆነም ጎረቤት ያውቃል።

የመንግሥቱንም ሳታዪ አትለፊ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ልጆች ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ይመገባሉ። ክፍሉ ቢጨናነቅ እንኳ፣ ለክፍያ የምታወጪው ገንዘብ ጥቂቱ ለጥሩ አስጠኚ ቢውል ልጁ ላይ ሊታይ ይችላል።

ቤተሰብሽ በአማራ ክልል ገጠር ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ወደ ከተማ ዘመድ ቤት ልካችኋል። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ይሻላል?» አይደለም፤ «የትኛው ሳይዘጋ ያስተምራል? ልጁስ ከማን ጋር ያድራል?» ነው። የቤት ኪራዩና ቀለቡም ሒሳቡ ውስጥ ይግቡ።

በዓርብ ቀን ራስሽ ደውዪ

በኩዌትና በኢትዮጵያ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። ዓርብ እዚህ የብዙዎቻችሁ የዕረፍት ቀን ነው፤ እዚያ ግን የሥራ ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የተሰጠሽ መብት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደውለሽ ርዕሰ መምህሩን ወይም ሒሳብ ክፍሉን አነጋግሪ። «የልጁ እናት ነኝ፣ ኩዌት ነው የምሠራው» በይ። በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን እንዲያስገቡሽ፣ የውጤት ካርዱ ፎቶም እንዲላክልሽ ጠይቂ። እንዴት እንደሚመልሱልሽ ራሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ይነግርሻል።

የመክፈያ ቀናቸውንም ጠይቂ። ደመወዝሽ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ይመጣል፤ የኦገስት 31 ደመወዝ ነሐሴ 25 ላይ ይውላል፣ ለመስከረም ይደርሳል ማለት ነው። አሠሪሽ ቢያዘገይ ሕጉ ለዘገየው ለእያንዳንዱ ወር 10 ዲናር ተጨማሪ እንዲከፍልሽ ያዛል፤ አቤቱታ የሚቀርበው ለሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል ነው። ኮንትራትሽን ስትጨርሺ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባሻል። ይህን ሐቅሽን ለስጦታና ለሻንጣ ሳይሆን ለልጁ መጠባበቂያ ብታስቀምጪው ብዙ ይረዳሻል። ክፍያ እንደሚዘገይብሽ ካወቅሽ ለትምህርት ቤቱ ቀድመሽ ንገሪ። ልጁ ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማው ከበር ሲመለስ መሆን የለበትም።

ከመክፈልሽ በፊት ሁለት ሰዎችን አነጋግሪ። አንደኛዋ ልጁን የምታደርሰው እናትሽ ናት፤ ጠዋት ሁለት ታክሲ መቀያየር ትችል እንደሆነ «አንቺ እንዳልሽ» ከሚለው መልስ ጀርባ ጠይቂያት። ሁለተኛው ራሱ ልጁ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጓደኞቹ የት እንደሚሄዱ፣ መንገዱ ያስፈራው እንደሆነ፣ አምና ያስተማረችውን መምህርት ይወዳት እንደሆነ ይነግርሻል። እሱን ሰምተሽ፣ ሒሳቡን ደምረሽ፣ ከዚያ ክፈዪ።

መልካም የትምህርት ዘመን ለልጆቻችሁ።