የአባት ስምና የተጠቃሽነት መዝገብ፦ ከንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስና ከሒሳብ አንጻር

እ.ኤ.አ. በ2004 ዩሮፒያን ፊዚካል ጆርናል ቢ በተሰኘው መጽሔት ስለ ብራውናዊ የሙቀት ሞተር የሚያትት ጥናት ታትሟል። አንዲት ቅንጣት ሙቅና ቀዝቃዛ ስፍራ እየተፈራረቀባት ስትጓዝ ምን ያህል ሥራ ልታከናውን እንደምትችል የሚያሰላ ጽሑፍ ነው። ደራሲዎቹ መስፍን አስፋውና ሙሉጌታ በቀለ ሲሆኑ፣ በውጭ ጽሑፎች የዋቢ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት ግን «አስፋው እና በቀለ» ተብለው ነው። በእኛ ልማድ አስፋውና በቀለ አባቶች ናቸው፤ ስሌቱን የሠሩት ልጆቻቸው ናቸው።

ነገሩ የአጠራር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፈገግታ በታለፈ ነበር። ሆኖም የቅጥር፣ የደረጃ ዕድገትና የምርምር ድጋፍ ውሳኔዎች ተጠቃሽነትን በሚቆጥሩ የመረጃ ቋቶች ላይ ሲመሠረቱ፣ የመዝገቡ ቁልፍ ስም ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር «በቀለ፣ ኤም» ሙሉጌታም መኮንንም ማርታም ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አንዱ ሰው ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። ገብረ መድኅን በላቲን ፊደል ተጣምሮም ተነጣጥሎም ይጻፋል፤ ሲነጣጠል «ገብረ» እንደ መካከለኛ ስም ተቆጥሮ «መድኅን» ብቻውን ይቀራል። «ቀ» አንዴ በ«ኬ»፣ አንዴ በ«ኪው» ይወከላል፤ ደባርቅ ራሷ በሁለቱም ትጻፋለች። የጎንደር የመጨረሻ አናባቢም አንዴ «ኤ»፣ አንዴ «ኢ» ስለሚሆን፣ መበታተኑ ከተመራማሪው አልፎ ተቋሙን ይነካል።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከት። የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ፣ አንድ ሰው ቢያንስ «ኤች» ጊዜ የተጠቀሱ «ኤች» ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ስድስት ጽሑፎች 20፣ 11፣ 7፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱ መለኪያው 4 ይሆናል። በሁለት የስም አጻጻፍ ተከፍለው 20፣ 5 እና 1 በአንዱ፣ 11፣ 7 እና 3 በሌላው ቢመዘገቡ ግን የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 3 ያገኛል። ሁለቱን መደመርም አያድንም፤ የሚገኘው 5 ነው፣ እሱም ስሕተት ነው። ብቸኛው መፍትሔ ጽሑፎቹን አንድ ላይ አሰባስቦ እንደገና መቁጠር ነው።

ስሙ ቢስተካከልም ቁጥሩ ከዘርፉ ተነጥሎ አይነበብም። በሒሳብ የዋቢ ዝርዝር አጭር ነው፣ ጥቅስም ዘግይቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ማሠልጠኛነት በተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን የሒሳብ መምህርን ከጤና ተመራማሪ ጋር በአንድ ቁጥር ማወዳደር ፍትሐዊ አይመስለኝም። በፊዚክስ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት የለካው ጽሑፍ ከ5,000 በላይ ደራሲዎች ሲኖሩት፣ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃዋል። የሒሳብ ጽሑፎች ደራሲዎች ደግሞ በአብዛኛው በፊደል ተራ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ደራሲ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጥ መመሪያ በዚህ ዘርፍ የሚሸልመው ፊደልን ነው፤ በእኛ ሁኔታም የአባትን ስም ፊደል።

መዝገቡ ጨርሶ የማይዘው ነገርም አለ። ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ እስረኞችን ፊዚክስ አስተምረዋል። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ከሪቻርድ ዊልሰን ጋር ሲሰጣቸው መነሻው ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ነጻነት ያደረጉት ጥረት ነበር። ለኤች-ኢንዴክስ ያ ዘመን ባዶ ነው።

ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የስሙን የላቲን አጻጻፍ ከመላኩ በፊት ይወስን፤ የዩኒቨርሲቲውንም ስም ተቋሙ ራሱ በሚጽፍበት መልክ ይጻፍ። ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ በነጻ ማውጣት ይቻላል፤ በውስጡ ሌሎች የስም አጻጻፎችን፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውንም ጭምር፣ ማስመዝገብ ይፈቀዳል። ስኮፐስ የተከፋፈሉ መዝገቦችን በጥያቄ ያዋሕዳል። በማመልከቻ ላይ ቁጥር ሲጠቀስ የመረጃ ቋቱና የተቆጠረበት ቀን አብረው ይጻፉ፤ ጉግል ስኮላር በአርካይቭ የተቀመጡ ቅድመ ኅትመቶችን ጭምር ስለሚያካትት ከስኮፐስ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየቱ የተለመደ ነው።