ልጅ ተወልዶ ለምን ያንሳል?

በገጠርም ሆነ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ሴት ስትገላገል ጎረቤት «ልጁ እንዴት ነው? ትልቅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። የሕፃን ክብደት ስለ ጤናው ብዙ ይናገራል።

ሲወለድ ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሚመዝን ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ብርድ ቶሎ ይጎዳዋል። ጡት ለመጥባት ይደክማል። በሽታም ይበረታበታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ገና አልጠናም። መንታዎችም ያንሳሉ። የበኩር ልጅ ከተከታዮቹ በጥቂቱ ይቀላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የሕፃን ክብደት ቀነስ ይላል። እነዚህ በአብዛኛው በእጃችን አይደሉም።

በእጃችን ያለውስ? አንደኛው የእናት ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የብርድ ወራት ሆላንድ በጦርነት ምክንያት ተርባ ነበር። ያኔ በእርግዝናቸው መጨረሻ የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት በአማካይ ወደ 300 ግራም ቀነሰ። ወባ፣ የደም ማነስ፣ የማድቤት ጭስ፣ መጠጥና ሲጋራም ጽንስን ይጎዳሉ። ከባድ ሸክምም እንደዚሁ።

«ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፋል፤ ምጡ ይጠናባታል» የሚሉ አሉ። በዚህም ወተትና ሙዝ ይከለክሏታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ምጥን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የዳሌ መጥበብ ወይም የልጁ አመጣጥ ነው። ዳሌ ደግሞ በረሃብ አይሰፋም። ያለ ዕድሜ የተዳረች ልጅ ዳሌዋ ገና አልሰፋም። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ከመጠን በላይ የሚገዝፈው በተለይ እናቱ የስኳር በሽታ ሲኖርባት ነው። ይህም በምርመራ ይታወቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነፍሰ ጡር ከወትሮው አንድ ምግብ ትጨምር። ሽሮውም፣ ጎመኑም፣ እንቁላሉም፣ ወተቱም ይቅረብላት። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የሚሰጣትንም የደም ማነስ መከላከያ ኪኒን ትዋጥ። በወሊድ መካከል ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ አታርግዝ። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቷን ታማክር። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለጽንሷ የሰጋች ነፍሰ ጡር ጾሙን እንድታቆይ ተፈቅዶላታል። ባልም እንስራውንና እንጨቱን ይሸከምላት። ይህ ነውር አይደለም፤ ለገዛ ልጁ ነው።

ትንሽ ልጅ ቢወለድም ተስፋ አይቆረጥም። ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቆ፣ ከላይ በጨርቅ ሸፍኖ መያዝ ያሞቀዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ አገር ተጀምሮ በዓለም ተዳርሷል። ጡት ቶሎ ይስጡት። በተወለደ ቀን አይጠቡት። ወዲያውም ለጤና ባለሙያ ያሳዩት።

ማንበብ የቻለ ይህን ላልቻለው ያንብብለት። ልጅ የሚያድገው ከተወለደ በኋላ ብቻ አይደለም፤ በእናቱ ሆድ ሳለም ነው።