የማንዶቼሎን የቆየ የማስተማሪያ ዘዴ ስለ ማሻሻል

ማንዶቼሎ ከማንዶሊን ወገን ድምፁ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ሲሆን፥ ስምንቱ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ቼሎ በ«ዶ»፥ «ሶል»፥ «ሬ»፥ «ላ» ይቃኛሉ። ከማንዶሊን መጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ የጣት አያያዝ ግን የተማሪውን ግራ እጅ ይጎዳል። የማንዶሊን ክር 34፥ የማንዶቼሎ 63 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል። በ«ሬ» ክር ላይ ጠቋሚ ጣት «ሚ»ን፥ ትንሿ ጣት «ላ»ን ሲይዙ፥ በማንዶሊን መካከላቸው 7.6፥ በማንዶቼሎ 14 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መምህሩ ረጅም ጣት ቢኖረውም እንኳ ይህን ጀማሪን ማዘዝ ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ የጣት ቁጥሮቹ በቼሎ ልማድ ይታረሙ፤ ትንሿ ጣት «ሶል»ን ትያዝ፥ ርቀቱም ወደ 9 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ «ላ» በጣት ሳይያዝ ከሚቀጥለው ክር ይገኛል። ስለ መምቻውና ስለ ትሬሞሎ የተጻፈው የቀድሞ ትምህርት ቀኝ እጅን ስለሚመለከት አይነካ፤ ወፍራሞቹ ክሮች ቀስ ብለው ስለሚርገበገቡ ምቱ ረጋ እንዲል ብቻ ይጨመርበት።