«ውሻችሁ ተከትቧል?»

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውሻችን ቡቺ የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ኳሱ አጥር ዘልላ ግቢያችን ገባች፣ እሱም በሩን ገፋ አድርጎ ተከትሏት ገባ። ቡቺ እንደ ወትሮው በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ኳሷ ግን ያረፈችው ሰንሰለቱ በሚደርስበት ቦታ ነው። ባቱ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ ቀረ። ብዙ ደም እንኳን አልነበረውም።

እናቱ እየሮጠች መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ውሻችሁ ተከትቧል?»

እኔ እናቴን አየሁ፣ እናቴ ወንድሜን አየች፣ ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ቡቺ እኛ ጋር አምስት ዓመት ኖሯል። ቡችላ እያለ አንዴ መርፌ ተወግቷል የሚል ወሬ ቤት ውስጥ አለ። ማን እንደወጋው፣ የምን መርፌ እንደሆነ፣ ካርዱ የት እንደገባ የሚያውቅ ግን የለም። የቡቺ ፎቶ ስልኬ ላይ ከሁለት መቶ በላይ አለ። አንዱ ቲክቶክ ላይ ጥሩ ላይክ አግኝቶልኛል። የክትባት ካርድ ግን የለም።

እስከዚያው ግቢው በሰውና በምክር ተሞላ። አንዱ «ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይደረግበት» አለ። ሌላው «ውሻው አሁኑኑ ይገደል» አለ። ደግነቱ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ነርስ አለች። ሁለቱንም ዝም አሰኝታ ልጁን ቧንቧ ሥር አስቀመጠችውና ቁስሉን በሳሙና ታጥብ ጀመር። ታጥባ ታጥባ አልጨርስ አለች። «በቃ ጸዳ እኮ» ስንላት «15 ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ያዙ» አለችን።

ለካ እሷ ልክ ነበረች። የእብድ ውሻ በሽታ ማለትም ሬቢስ በለሃጭ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ብዙውን ቫይረስ ያስወግዳል፤ ሳሙና ደግሞ የሌለው ቤት የለም። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ እስኪወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል፤ ክትባቱ የሚሠራውም በዚያ መሀል ነው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ መርፌውን ግን አይተው።

«ይገደል» የሚለው ምክርም ስህተት ነበር። ሲነክስ በለሃጩ ሬቢስ ያስተላልፍ የነበረ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይሞታል። ስለዚህ የሚታወቅ ባለቤት ያለው ውሻ ከሆነ ይታሰራል፣ በእንስሳት ሐኪም ይታያል፣ 10 ቀን ይጠበቃል። ደህና ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው። ገድሎ መቅበር ይህን መልስ አብሮ መቅበር ነው። ልጁ ግን አሥሩ ቀን እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ክትባቱን በዚያው ቀን ይጀምራል። የጎረቤታችን ልጅም ጀመረ። የትላልቆቹን ትዝታ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ድሮ ሆድ ላይ የሚሰጥ ብዙ መርፌ ነበር። አሁን በተለያየ ቀን ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት ዙር ነው።

እነዚያ አሥር ቀናት እንዴት ረጅም ነበሩ! ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ሳይሆን ቡቺን ሆነ። በላ? ውሃ ጠጣ? ለሃጩ በዛ? ድምፁ ተለወጠ? እናትየዋ በየቀኑ በአጥሩ በኩል «እንዴት አደረ?» ትላለች። ስለ ልጇ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው፤ ለነገሩ ስለ ልጇ ነው።

ቡቺ ደህና ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ ከወንድሜ ጋር ሒሳብ አወጣን። ለልጁ ሕክምና፣ ለታክሲ፣ ለሐኪሙ የከፈልነው፣ እናቱ ከሥራ የቀረችበት ሁሉ ሲደመር፣ ለቡቺ በአምስት ዓመት ልንከፍል ይገባን ከነበረው የክትባት ገንዘብ እጅግ አለፈ። «ውሻ መያዝ ውድ ነው» እያልን ነበር ያላስከተብነው።

አሠራሩ ደግሞ ቀላል ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሆነው የሬቢስ ክትባት ይወስዳል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ሐኪም ለብቻችሁ ቤት ድረስ መጥራት የሚከብድ ከሆነ ውሻ ካላቸው ሦስት አራት ጎረቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ጥሩትና የመንገዱን ተካፈሉ። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው። በየወረዳው አንዳንዴ የክትባት ዘመቻ ስለሚኖር ወረዳችሁን መጠየቅም አይከፋም። የዓለም የሬቢስ ቀን የሚውለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው፤ አብዛኛውን ዓመት የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ቀኑ የተመረጠው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ስለሆነ ነው፤ በ1885 የሬቢስን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የሞከረው ፈረንሳዊ። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የምንለው ሰፈርም ስሙ ከእሱ ነው፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ቦታ ድሮ የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር። እኛ የቡቺን ክትባት ከመስቀል ጋር አያይዘነዋል። ደመራ ሲደመር «ቡቺስ?» የሚል ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም።

ከክትባቱ ቀጥሎ ሐኪሙን ያስገረመው የቡቺ ሳህን ነው። «ምንድን ነው የሚበላው?» አለ። «ወጥ ያረፈበት እንጀራ፣ ከእኛ የተረፈውን» አልን፣ በኩራት። ሳቀ። ወጥ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው እኮ! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ መብሰላቸው አያድነውም። አንድ ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ትንሽ ውሻ ይህ ማለት 75 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት እንኳን አይሞላም። ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመም ይጎዳል። ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። እኛ «ሰሞኑን ሰነፈ» እንላለን።

መፍትሔው ከወጡ ርካሽ ነው። ወጡ ሳይነካው እንጀራውን ለይቶ ማስቀመጥ። ሩዝ ወይም ድንች ሲቀቀል ለእሱ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ትንሽ መጨመር። ከሥጋ ቤት ሳንባና ቁርጥራጭ ገዝቶ ቀቅሎ ማደባለቅ። የጾም ነገርም አለ፤ ይሄኛው የራሳችን ጉድ ነው። የሁዳዴን 55 ቀን ቤተሰቡ ሲጾም ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ ሁለት ወር ሽሮ በእንጀራ። ሽሮውም ሽንኩርት አለው። ለውሻ እንቁላል መቀቀል ጾም የሚያስፈታ አይመስለኝም፤ እናቴም ብዙ ካሰበችበት በኋላ ተስማምታለች።

የበዓል ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። የዶሮ ወጥ አጥንት በሙሉ ለውሻው ይወረወራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን እንደ መርፌ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በግ ሲታረድ የሆድ ዕቃው ጥሬውን ይሰጠዋል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ልጅ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይመለሳል። ሰው ላይ ደግሞ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። ከረጢት ያለውን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ሌላውን ቀቅሉ። የትል መድኃኒት ደግሞ ለትልቅ ውሻ በየሦስት ወሩ አንዴ ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት በተለይ እንዳይረሳ።

አሞታል ብላችሁ የራሳችሁን የራስ ምታት ክኒን እንዳትሰጡት። ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ለውሻ አደገኛ ናቸው። ማስቲካና ቸኮሌትም ከእሱ ይራቁ፤ ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል ትንሹም ውሻ ይገድላል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ፤ የልጁ ነገር በእሱ ነው የጀመረው። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር ላይ የታሰረ ውሻ ሲቀርቡት መሸሽ አይችልም፤ የቀረው መንከስ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ «ኃይለኛ ነው» እያልን እንኮራበታለን። አጥራችሁ ደህና ከሆነ መፍታት ነው። ካልሆነ እኛ ያደረግነው ይሄ ነው፦ ከግንቡ እስከ ዛፉ ጠንካራ ሽቦ ወጠርን፣ ሰንሰለቱን ሽቦው ላይ በሚንሸራተት ቀለበት አያያዝነው። ቡቺ አሁን አሥር ሜትር ያህል ይመላለሳል። ከበሩ መግቢያ ደግሞ አርቀነዋል፤ ኳስ የሚከተል ልጅ ዘው ቢል እንኳን እንዳይደርስበት። የአንገት ቀበቶው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። የቡቺ አንድም አይገባም ነበር፤ ፀጉሩ ሥር የቆሰለ ነገር አገኘን። ስልክ ቁጥራችንን በማይለቅ ማርከር ቀበቶው ላይ ጽፈንበታል፤ የእንቁጣጣሽ ርችት ሲተኮስ ደንግጦ ስንቱ ውሻ ነው አጥር ዘልሎ የሚጠፋው።

ቤቱንም ቀየርንለት። የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች፤ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ። ወንድሜ ከአሮጌ ጣውላ ሠራለት፣ ሥሩ ብሎኬት አደረገበት፣ የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ። ውስጡ ገለባ የተሞላ ጆንያ ነው፤ ቁንጫና መዥገር እንዳይራባበት ገለባውን እየቀየርን ጆንያውን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን የውሃ ዕቃው ሆነ። የእሱን የሚያክል 15 ኪሎ ገደማ ውሻ በቀን አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ።

አዲስ ውሻ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል ጀርመን፣ 35 ቀን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም። እናቱን ሳታዩ፣ ካርድ ሳታዩ አትክፈሉ። ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ያልተከተበን ቡችላ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ለግሉኮስና ለመድኃኒት የምታወጡት ደግሞ ከክትባቱ ጋር አይወዳደርም። ሀስኪን አዳማ ወይም ድሬዳዋ ወስዶ ፀሐይ ላይ ማሰር ደግሞ... ያ ፀጉር ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። የሰፈራችን ሀበሻ ውሻ ለአየሩ የለመደ ነው፣ የተገኘውን ይበላል፣ ብዙ ጊዜም በነፃ ይገኛል። ሴት ከሆነች ደግሞ ገና በጊዜ ስለ ማምከን ሐኪም አማክሩ። በዓመት ሁለቴ ገደማ ፍትወት ይመጣባታል፣ እርግዝናዋ ሁለት ወር ያህል ነው፣ ከዚያ አምስት ስድስት ቡችላ። መንገድ ዳር በካርቶን የሚጣሉት ከሰማይ የወረዱ አይደሉም።

የቡቺን የክትባት ካርድ አሁን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የሚቀጥለው ቀን ደርሷል የሚል አላርምም ሞልቻለሁ። ፎቶውን ለጎረቤታችን ለእናትየዋም ልኬላታለሁ። አልመለሰችም፤ አይታዋለች ግን። ልጁ ለተወሰነ ጊዜ በራችን አካባቢ ዝር አላለም። ሰሞኑን ጀምሯል። ኳሱ ስትገባበት ቆሞ ይጣራል፣ አንዳችን አውጥተን እንሰጠዋለን። ባለፈው ሳምንት ከቤቱ የሆነ ነገር በላስቲክ ይዞ መጥቶ «ለቡቺ ነው» አለኝ። ከፍቼ ሳየው ደረቅ እንጀራ ነው።

«ወጥ የለውም» አለ፣ እኔ ሳልጠይቀው።