ስለ ቆዳችን ዘበኞችና ስለማይሰማው ምልክት

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ፣ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት የሚኖር ቤተሰብ በልጁ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ባየ ጊዜ፣ ምች ነው ወይም ቋቁቻ ነው ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ነገር ግን ስፍራው ሲነካ የማይሰማ ከሆነ የሥጋ ደዌ መነሻ ሊሆን ይችላልና፣ ቸል ሊባል አይገባም። ስለዚህ በቆዳችን ውስጥ የሚሆነውን ነገር ለአንባብያን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደዌውን ተሐዋስ በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። በስሙ የተሰየመው የምርምር ኢንስቲትዩትም በ1970 በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ተቋቁሞ፣ ሰውነት ይህን ተሐዋስ እንዴት እንደሚከላከል ሲመረምር ኖሯል።

ከሚከላከሉልን ዘበኞች ዋነኞቹ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የተለመዱት ጠላትን የሚያውቁት፣ ሌሎች ሕዋሳት የፕሮቲኑን ቁራጭ ሲያሳዩአቸው ነው። ሊቃውንት ግን ከሕመምተኞች ቆዳ ጥቂት ወስደው ቢመረምሩ፣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆኑ ዘበኞችን አገኙ። ጋማ ዴልታ የተባሉት ቲ ሴሎች ደዌው በድንገት በሚቈጣበት ጊዜ በቆዳው ውስጥ ተከማችተው መገኘታቸው በ1989 ተገለጸ። በ1995 ደግሞ ከሕመምተኛ ቆዳ የተገኙ ሌሎች ቲ ሴሎች፣ ፕሮቲኑን ሳይሆን የተሐዋሱን ቅባት ለይተው እንደሚያውቁ ታወቀ። ተሐዋሱ ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈነ ነውና፣ እነዚህ ዘበኞች ጠላትን በልብሱ ያውቁታል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ዘበኛ ያለ ልክ ሲቈጣ የሚጠብቀውን ቤት ያፈርሳል። ተሐዋሱ በነርቭ ውስጥ ስለሚሸሸግ፣ ቲ ሴሎቹ ሲወጉት ነርቩ አብሮ ያብጣል፤ ይጎዳልም። እጅ ይደነዝዛል፣ እግር ይዝላል፣ ዓይን መከደን ይሳነዋል። የደነዘዘ እጅም የምድጃውን እሳት ሳያውቅ ይቃጠላል። ቁጣው በጊዜው ከታወቀ ሐኪም በፕሬድኒሶሎን ያበርደዋል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ የልጁን ዓይን ሸፍናችሁ ምልክቱን በጥጥ ጫፍ ዳስሱት። የተነካበትን ማመልከት ካልቻለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደዌው እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ከዘር የሚወረስ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ደዌውን ለሌላ ማስተላለፉ ስለሚቀር፣ ከማዕድ የሚለይበት ምክንያት የለም።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ልጁን አካለ ስንኩል የሚያደርገው፣ ከተሐዋሱ ይልቅ በኀፍረት የሸሸግንበት ዘመን እንዳይሆን እንጠንቀቅ።